የእሑድ ሰፈር፤ ፊሊፒናውያን የቤት ሠራተኞች በሆንግ ኮንግ

በሆንግ ኮንግ ደሴት ሰሜናዊ ዳርቻ «ሴንትራል» ተብሎ የሚጠራው ሰፈር የባንኮች፣ የጠበቆችና የትላልቅ ንግድ ቤቶች መንደር ነው። በሥራ ቀኖች በዚያ የሚተላለፈው ሕዝብ ጥቁር ልብስ የለበሰ፣ እርምጃው የፈጠነ፣ ለመቀመጥም ጊዜ የሌለው ነው። እሑድ በጠባ ጊዜ ግን ሰፈሩ ሌላ ሰፈር ይሆናል። ቻተር የተባለው ዋና መንገድ ለተሽከርካሪ ይዘጋል፤ ከየአቅጣጫው በባቡር፣ በአውቶቡስና በጀልባ የመጡ ብዙ ሺሕ ሴቶች የታጠፈ ካርቶን በብብታቸው ይዘው ይደርሳሉ፤ ካርቶኑን በአስፋልቱ ላይ፣ በእግረኛ ድልድዩና በባንኩ ሕንጻ ሥር ይዘረጋሉ፤ ጫማቸውን አውልቀው በዳር ይደረድሩና ይቀመጣሉ። ከዚያ በኋላ እስኪመሽ ድረስ ይበላሉ፣ ይጫወታሉ፣ ጸጉር ይሠራራሉ፣ ይጸልያሉ፣ ይዘፍናሉ፣ ዕቃ ያሽጋሉ፣ ይተኛሉ። በመሸ ጊዜ ካርቶኑ ይነሣል፤ ሰኞ ጧት ባንኩ ሲከፈት ትናንት በዚያ ቦታ ሰው ውሎ እንደ ነበረ የሚያስታውቅ ምልክት አይገኝም።

እነዚህ ሴቶች ከፊሊፒን ደሴቶች መጥተው በሆንግ ኮንግ ቤተ ሰቦች ዘንድ በቤት ሠራተኛነት የሚያገለግሉ ናቸው። ጉባኤያቸውን ያየ መንገደኛ ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ስለ ምን በመንገድ ላይ ይቀመጣሉ?» ብሎ ነው። የተለመደው መልስ ሁለት ዐይነት ነው፤ አንዱ ገንዘብ ስለሌላቸው ነው ይላል፤ ሁለተኛው ፊሊፒናውያን በባሕርያቸው መሰብሰብ ስለሚወዱ ነው ይላል። በሁለቱም መልስ ከፊል እውነት ቢኖርበትም ነገሩን አይጨርሰውም። ገንዘብ የሌለው ሰው በቤቱ ሊቀመጥ ይችላል፤ መሰብሰብ የሚወድም ሰው ወዳጆቹን በቤቱ ይሰበስባል። ዋናው ምክንያት ቤት የሌላቸው መሆኑ ነው፤ ቤት የሌላቸው የሆኑትም ሕጉ በሌላ ሰው ቤት እንዲኖሩ ስለሚያስገድዳቸው ነው። እንግዲህ የእሑዱ ጉባኤ የሥርዓት መጓደል ሳይሆን የሕግ ልጅ ነው፤ አፈጣጠሩንም ለመረዳት ከአደባባዩ ወደ ሥራ ውሉ፣ ከውሉም ወደ አደባባዩ መመላለስ ያስፈልጋል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቈጣጠር ናቸው።

ከማኒላ እስከ ሆንግ ኮንግ የአውሮፕላን ጉዞው ሁለት ሰዓት ያህል ነው። ሆንግ ኮንግ እስከ 1997 የእንግሊዝ ግዛት ነበረች፤ ከዚያ ወዲህ የቻይና ልዩ የአስተዳደር ክልል ናት። ሉዓላዊት አገር ባትሆንም የመግቢያ፣ የሥራና የነዋሪነት ሕግዋ ከቻይና የተለየ ስለ ሆነ፣ ለፊሊፒናዊ መንገደኛ እንደ አንዲት ጎረቤት አገር ትቈጠራለች። ሕዝቧ ሰባት ሚሊዮን ተኩል ያህል ሲሆን ከውጭ የመጡት የቤት ሠራተኞች ከ300,000 ይበልጣሉ። ከእነርሱም ከግማሽ በላይ የሆኑት ፊሊፒናውያን፣ ከቀሩትም አብዛኞቹ ኢንዶኔዥያውያን ናቸው። ከጥቂቶች በቀር ሁሉም ሴቶች ናቸው።

ቀድሞ ይህን ሥራ የያዙት «አማ» የተባሉት የካንቶን ቻይናውያን ሴቶች ነበሩ። ከእነርሱ ይልቁን ስማቸው የገነነው በፐርል ወንዝ አፍ ካሉት የሐር ወረዳዎች የመጡት፣ ላለማግባት ተስለው ጸጉራቸውን በሥርዓት ወደ ላይ የሚያስሩ፣ ነጭ ሸሚዝና ጥቁር ሱሪ የሚለብሱ ሴቶች ናቸው። እነዚህ ሴቶች በጌታቸው ቤት ሲያገለግሉ ከዚያ ውጭ በማኅበር የሚከራዩት ክፍል ነበራቸው፤ በዕረፍታቸው ቀን በዚያ ይገናኙ፣ ሲታመሙና ሲያረጁም በዚያ ይጠጉ ነበር። ይህ ነጥብ ወደ ኋላ ስለሚያስፈልግ አንባቢ በልቡ ይያዘው። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ የሆንግ ኮንግ ፋብሪካዎች የአገሩን ሴቶች ወደ ራሳቸው ሳቡ፤ የድሮዎቹ አማዎችም አረጁ፤ ከቻይና በኩል ተተኪ አልመጣም። የፋብሪካና የቢሮ ሠራተኛ የሆነችው የሆንግ ኮንግ እናት ልጇን የሚይዝላት ሰው ስላጣች፣ መንግሥቱ ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የቤት ሠራተኛ ከውጭ እንዲመጣ ፈቀደ።

በፊሊፒንም በኩል በዚያው ዘመን በሩ ተከፈተ። ፕሬዚዳንት ፈርዲናንድ ማርቆስ በ1974 ያወጡት የሠራተኛ ሕግ ሠራተኛን ወደ ውጭ አገር መላክ የመንግሥት ሥራ አደረገው። ሥራ አጥነት በዝቶ፣ የነዳጅ ዋጋም ንሮ ስለ ነበር ነገሩ ለጥቂት ዓመታት ብቻ ታስቦ ነበር ይባላል። ጊዜያዊ የተባለው ግን ሥር ሰደደ። ሥራውን የሚመራ መሥሪያ ቤት በ1982 ተቋቋመ፤ በ2022 ራሱን በቻለ ሚኒስቴር ተተካ። ዛሬ በውጭ የሚኖሩት ፊሊፒናውያን ወደ አገራቸው የሚልኩት ገንዘብ በየዓመቱ ከ30 ቢሊዮን የአሜሪካ ዶላር ይበልጣል። መንግሥት ከዚህ ገንዘብ ጋር ያለው ፍቅር አንዳንድ ጊዜ ከልክ አልፎ ታይቷል። በ1982 መጨረሻ የወጣ ትእዛዝ የቤት ሠራተኞች የደመወዛቸውን ግማሽ በባንክ በኩል በግዴታ ወደ አገር እንዲልኩ ይል ነበር። በሆንግ ኮንግ የነበሩት ሴቶች ይህን ትእዛዝ ተቃውመው በአንድነት ተነሡ፤ በ1985 የተለያዩ ማኅበሮቻቸውን በአንድ ኅብረት ሥር አደረጉ፤ በዚያው ዓመትም የትእዛዙ ቅጣት ተነሣ። ኅብረቱ የተወለደው የሆንግ ኮንግን አሠሪ ለመቃወም ሳይሆን የራስን መንግሥት ለመቃወም መሆኑ ሊስተዋል ይገባል። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1988፣ ፕሬዚዳንት ኮራዞን አኪኖ ሆንግ ኮንግን በጎበኙ ጊዜ እነዚህን ሠራተኞች «ባጎንግ ባያኒ»፣ ማለት «አዲሶቹ ጀግኖች»፣ ብለው ጠሯቸው። ስሙ እስከ ዛሬ በፊሊፒን ይነገራል፤ በአደባባዩ ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው በፈገግታ ነው።

ወደ ውሉ እንመለስ። የቤት ሠራተኛዋ ውል በመንግሥት የተዘጋጀ፣ ለሁሉም አንድ ዐይነት የሆነ፣ የሁለት ዓመት ውል ነው። ዝቅተኛው ደመወዝ በየጊዜው በመንግሥት ይወሰናል፤ በ2024 በወር 4,990 የሆንግ ኮንግ ዶላር ሆነ፤ ይህም 640 የአሜሪካ ዶላር ያህል ነው። በ2011 በሥራ ላይ የዋለው የሰዓት ዝቅተኛ ደመወዝ ሕግ በአሠሪ ቤት የሚኖሩትን የቤት ሠራተኞች አይመለከትም፤ የሥራቸው ሰዓት ወሰን የለውምና። በ2003 የሆነውም የሚታወስ ነው፤ መንግሥቱ የሠራተኞቹን ዝቅተኛ ደመወዝ በ400 ዶላር ቀንሶ በዚያው ጊዜ በአሠሪዎች ላይ የወር 400 ዶላር ቀረጥ ጣለ። ሁለቱ የተለያዩ ውሳኔዎች ናቸው ቢባልም፣ ሒሳብ የሚያውቁት ሴቶች ቀረጡን ማን እንደ ከፈለው ለመረዳት ብዙ ጊዜ አልፈጀባቸውም። ከእነርሱ መካከል በአገራቸው አስተማሪ የነበሩ፣ የኮሌጅ ትምህርት የጨረሱ ብዙዎች ናቸው። ቀረጡ በ2008 ታግዶ በ2013 ተሰረዘ።

ከደመወዙ ይልቅ ለዚህ ጽሑፍ የሚያስፈልጉት ሁለት ደንቦች ናቸው። የመጀመሪያው በ1987 የወጣው «የሁለት ሳምንት ደንብ» ነው፤ ውሏ የተቋረጠባት ሴት ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር በ14 ቀን ውስጥ አገር መልቀቅ አለባት። መንግሥቱ ደንቡን ያወጣው ሠራተኞች ከአሠሪ ወደ አሠሪ እንዳይዘልሉ ነው። ነገር ግን ለጉዞዋ ተበድራ የመጣች ሴት ዕዳዋን ሳትከፍል መመለስን ስለምትፈራ፣ ክፉ ቤት ቢያጋጥማት እንኳ ትታገሣለች። ፊሊፒን በ2006 ደላሎች ከቤት ሠራተኛ የማስቀጠሪያ ዋጋ እንዳይቀበሉ ከልክላለች፤ ዋጋው ግን «የሥልጠና» ስም ተሰጥቶት በሌላ በር ተመልሶ ገብቷል።

ሁለተኛው ደንብ ሠራተኛዋ በአሠሪዋ ቤት እንድትኖር የሚያስገድደው ነው። ቀድሞ አሠሪና ሠራተኛ ተስማምተው በሌላ ቦታ ማደር የሚቻልበት መንገድ ነበረ፤ ከ2003 ወዲህ ይህ ተዘጋ። አንዲት ፊሊፒናዊት ደንቡን በፍርድ ቤት ተከራክራ በ2018፣ በይግባኝም በ2020 ተረታች። የሆንግ ኮንግ መኖሪያ ቤቶች እጅግ ጠባቦች መሆናቸው በዓለም የታወቀ ነው። ውሉ ተገቢ መኝታና የግል ቦታ እንዲሰጣት ያዛል፤ የቤቱም ስፋት በውሉ አባሪ ላይ ይጻፋል። ይኸው አባሪ ተገቢ ያልሆነ መኝታ ምን እንደ ሆነ ሲያስረዳ፣ በመተላለፊያ ላይ የተዘረጋ የይድረስ ይድረስ አልጋንና ከዐዋቂ ወንድ ጋር በአንድ ክፍል ማደርን በምሳሌ ይጠቅሳል። ሕግ አውጪ ያልደረሰበትን ነገር በምሳሌ አይከለክልም። የልጆች ክፍል ወለል፣ የወጥ ቤት ጥግ፣ ከልብስ ማጠቢያው በላይ የተሠራ ቆጥ፣ እነዚህ ሁሉ የመኝታ ስም ተሰጥቷቸዋል። ደግ አሠሪ አግኝታ የራሷ ክፍል ያላትም ብትሆን እንግዳ አትቀበልበትም፣ በሩን ዘግታ አትውልበትም፤ ሥራ ባለበት ቤት ተቀምጦ አለመሥራት አይቻልምና። በአማርኛ «ቤተኛ» የሚባለው ሰው በቤቱ የማይኖር ሆኖ እንደ ቤቱ ሰው የሚቈጠር ነው። የእነዚህ ሴቶች ነገር ተገላቢጦሽ ነው፤ በቤቱ የሚኖሩ ሆነው ቤተኛ አይደሉም።

ያው ሕግ ግን በሌላ እጁ ትልቅ ነገር ሰጥቷቸዋል። የሆንግ ኮንግ የሥራ ሕግ ለሠራተኛ ሁሉ፣ ለቤት ሠራተኛም ጭምር፣ በየሰባቱ ቀን አንድ የዕረፍት ቀን ይሰጣል። ይህን ማቃለል አይገባም። በአሠሪ ዋስትና ሥርዓት ወደ ቤይሩትና ወደ ጅዳ ለሚሄዱት ኢትዮጵያውያን ሴቶች፣ ብዙ ጊዜም በዚያው ከተማ ከእነርሱ ጋር ለሚያገለግሉት ፊሊፒናውያን፣ ከቤት ወጥቶ መዋል በአሠሪው ፈቃድ ላይ የተመሠረተ ሆኖ ኖሯል። በሆንግ ኮንግ ግን መብት ነው። እንግዲህ ሁለቱን ሕጎች ማጋጠም ነው፤ አንዱ ስድስት ቀን የራስ ቤት ይነሣል፤ ሁለተኛው በሰባተኛው ቀን ከቤት ያወጣል። ከሁለቱ መጋጠም የተወለደው በቻተር መንገድ ላይ የተዘረጋው ካርቶን ነው።

ሕዝቡን ከድልድዩ ላይ ሆኖ ወደ ታች ለሚመለከት ሰው ሁሉም አንድ ወጥ ይመስላል። ወርዶ ቋንቋውን የሚያዳምጥ ሰው ግን ሌላ ነገር ያገኛል። በአንድ ወገን የሰሜን ሉዞን ቋንቋ ኢሎካኖ፣ ጥቂት ራቅ ብሎ ታጋሎግ፣ በሌላው ማዕዘን የቪሳያ ደሴቶች ቋንቋዎች ይሰማሉ። ከኮርዲሌራ ተራሮች የመጡት ለብቻቸው ማኅበር አላቸው፤ በበዓላቸው ቀን «ጋንግሳ» የተባለውን ጠፍጣፋ የነሐስ ደወል እየመቱ በክብ ይጨፍራሉ። በየአውራጃው ውስጥ ደግሞ የከተማው፣ በከተማውም ውስጥ የመንደሩና የዘመዱ ቦታ አለ፤ ቦታው በምሰሶ፣ በደረጃ፣ በዛፍ ይታወቃል፤ ካለፈው እሑድ እስከሚመጣው እሑድም አይለወጥም። በሰባት ሺሕ ደሴቶች ላይ የተበተነ ሕዝብ በጥቂት መቶ ሜትር መንገድ ላይ የአገሩን ካርታ ይዘረጋል ማለት ነው። ኢንዶኔዥያውያኑም በዚህ ስፍራ ሳይሆን ከዚያ በስተ ምሥራቅ በሚገኘው የቪክቶሪያ መናፈሻ ይሰበሰባሉ።

በካርቶኑ ላይ ያለው ሥርዓት የቤት ሥርዓት ነው። ጫማ በደጅ ይቀራል። እንግዳ ሳይጠራ አይወጣም። ምግቡ በመካከል ይቀርባል፤ በሆምጣጤና በአኩሪ አተር መረቅ የተቀቀለው አዶቦ፣ ፓንሲት የተባለው ፓስታ መሰል ምግብ፣ ይልቁንም ሽታው ኀይለኛ ስለ ሆነ በብዙ አሠሪ ቤት የማይጠበሰው የደረቀ ዓሣ። በዕድሜ ወይም በቈይታ የምትበልጠው ሴት «አቴ»፣ ማለት ታላቅ እኅት፣ ትባላለች። ቃሉ ከአማርኛው «እቴ» ጋር መመሳሰሉ እንዲያው የድምፅ አጋጣሚ ነው፤ የቋንቋ ሊቃውንት ከፉኪየን ቻይንኛ የተወሰደ ነው ይላሉ። በአሠሪዋም ቤት ልጆቹ በካንቶን ቋንቋ «ጄ ጄ»፣ ያው ታላቅ እኅት፣ ብለው ይጠሯታል። ስለዚህ ይህች ሴት ሰባቱንም ቀን እኅት ስትባል ትኖራለች። ልዩነቱ በስድስቱ ቀን ታላቅ እኅት መባል መታዘዝ ሲሆን፣ በሰባተኛው ቀን ማዘዝ መሆኑ ነው። አቴዋ አዲስ የመጣችውን ትመክራለች፣ የተጣሉትን ታስታርቃለች፣ ውሏን ማንበብ ለፈራችው ታነብላታለች፤ ነገሩ ከአቅሟ በላይ የሆነ እንደ ሆነ በቅዱስ ዮሐንስ ካቴድራል ቅጥር ወደሚገኘውና ከ1981 ጀምሮ ሠራተኞችን ወደሚረዳው የሚሲዮን ቢሮ ትልካታለች።

በካርቶኑ ላይ ከሚደረገው ሁሉ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ በቶሎ የሚገባው «ፓሉዋጋን» ነው። ይህም ማለት ዕቁብ ነው። አባሎቹ በደመወዝ ቀን እኩል ገንዘብ ያዋጣሉ፤ በዕጣ ወይም በተራ አንዷ ሁሉንም ትወስዳለች። ወረቀት የለውም፤ ዋስትናው መተዋወቅ ነው። ሰው ሲሞትም ሬሳውን ወደ አገር ለመላክና ቤተ ሰቡን ለመርዳት ገንዘብ የሚሰበሰበው በዚሁ ስፍራ ስለ ሆነ፣ ዕቁቡ በዚያ ቀን ዕድር ይሆናል። ይሁን እንጂ የሆንግ ኮንጉ ዕቁብ በአዲስ አበባው ላይ የሌለ አደጋ አለበት። ዕጣው የወጣላት ሴት በማግሥቱ ውሏ ቢቋረጥ በ14 ቀን ውስጥ አገር ትለቃለች፤ ወዳ ሳትከዳ ከዳተኛ ትሆናለች። መንግሥት የሥራ ገበያን ለማስተካከል ያወጣው ደንብ በዚህ ዐይነት የድኾች ገንዘብ ማኅበር ውስጥ ገብቶ የመተማመንን ዋጋ ያስወድዳል። ዕቁብ ያጣችው ሴት ወደ አበዳሪ ትሄዳለች፤ ፓስፖርታቸውን በመያዣ አስይዘው በከባድ ወለድ የተበደሩ ሴቶች በሆንግ ኮንግ ፍርድ ቤቶች ዘንድ አዲስ ነገር አይደሉም።

የመተማመኑ መሠረት ፊሊፒናውያን «ኡታንግ ና ሎኦብ» የሚሉት ነው። «ኡታንግ» ዕዳ፣ «ሎኦብ» ውስጥ ወይም ልብ ማለት ነው፤ ቃል በቃል «የውስጥ ዕዳ» ይሆናል። አማርኛ «ውለታ» የሚለው ቃል በጣም ይቀርበዋል፤ በገንዘብ የማይመለስ፣ ባለዕዳውም መክፈሉን ከፈጸመ ወዳጅነቱ ያበቃ የሚመስልበት ዕዳ ነው። አንዲት ሴት ወደ ሆንግ ኮንግ የምትመጣው ብዙ ጊዜ እኅቷ ወይም የአክስቷ ልጅ አሠሪ ፈልጋላት ነው፤ እርስዋም በተራዋ ሌላዋን ታመጣለች። ስለዚህ በአንድ ካርቶን ላይ የተቀመጡት ስምንት ወይም ዐሥር ሴቶች እንዲያው ጓደኞች አይደሉም፤ በአንዲት የመጀመሪያ ሴት ውለታ የተሰናሰሉ ናቸው።

ካርቶን በዚያ ስፍራ ምንጣፍ ብቻ ሳይሆን ሣጥንም ነው። «ባሊክባያን» ማለት ወደ አገሩ ተመላሽ ማለት ሲሆን፣ ሣጥኑ በዚህ ስም ይጠራል። ሴቲቱ በብዙ ወራት ጥቂት በጥቂት እየገዛች ትሞላዋለች፤ ሳሙና፣ የቈርቈሮ ሥጋ፣ ቸኮላታ፣ ፎጣ፣ ጫማ። በእሑድ ቀን በመንገዱ ዳር በወዳጆቿ እርዳታ ይታሸግና በመርከብ ይላካል። የኢኮኖሚ ሊቅ ዕቃው በማኒላ ገበያ እንደሚገኝ፣ ምናልባትም በርካሽ እንደሚገኝ አስልቶ ነገሩን ሞኝነት ይለው ይሆናል። ነገር ግን ገንዘቡ በየወሩ በሐዋላ ይሄዳል፤ ሣጥኑ የሚያደርሰው ሌላ ነገር ነው። ጠንቃቃ እናት ለልጇ ጫማ ስትገዛ ቍጥሩን ከፍ አድርጋ ትገዛለች፤ ሣጥኑ ሞልቶ ባሕሩን እስኪሻገር ልጁ ያድጋልና። በሆንግ ኮንግ የሌላ ሰው ልጅ በየቀኑ ስታለብስ፣ የራሷን ልጅ አካል በግምት ታውቀዋለች። ልጁን በመንደር የያዘችው አያቱ ወይም አክስቱ ናት፤ አንዳንድ ጊዜም ከእነርሱ በደኸየ ቤት የተወለደችና በትንሽ ደመወዝ የተቀጠረች ልጅ ናት። የእናትነት ሥራ በዚህ ዐይነት ከቤት ወደ ቤት እየወረደ ይሄዳል፤ በመጨረሻው ደረጃ ያለችው ልጅ ወንድሞች በማን እንደሚያዙ የሚጠይቅ የለም።

የመንገዱ ነገር ሁልጊዜ ያለ ክርክር አልኖረም። ቻተር መንገድ በ1982 በእሑድ ለተሽከርካሪ የተዘጋው ለፊሊፒናውያን ታስቦ ሳይሆን ሸማቾች በእግራቸው እየተዘዋወሩ እንዲገበዩ ነበር፤ ሐሳቡንም የደገፈው በአካባቢው ብዙ ሕንጻ ያለው አንድ ኩባንያ ነበር። ከዐሥር ዓመት በኋላ፣ በ1992፣ ያው ኩባንያ መንገዱ ለተሽከርካሪ ተመልሶ እንዲከፈት ጠየቀ፤ የተቀመጡት ሴቶች ገበያውን አበላሹብን የሚል ነበር። ሴቶቹ በምድር ቤት ወዳሉት የመኪና ማቆሚያዎች ይዛወሩ የሚል ሐሳብም በዚያን ጊዜ ቀርቦ ነበር። በጋዜጣ ብዙ ተጻፈ፤ ከደብዳቤ ጸሓፊዎቹም አንዳንዶቹ ሴቶቹ ቈሻሻ ናቸው እስከ ማለት ደረሱ፤ በሳምንቱ ስድስት ቀን የእነዚያኑ ጸሓፊዎች ቤት የሚያጸዱት እነማን እንደ ሆኑ የተዘነጋ ይመስላል። መንገዱ ተዘግቶ ቀረ። ከ2020 እስከ 2022 በነበረው የወረርሽኝ ዘመን ደግሞ ከተወሰነ ቍጥር በላይ ተሰብስቦ መገኘት የገንዘብ ቅጣት ያስከትል ነበር፤ ገና በጥር 2020 የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የቤት ሠራተኞች የዕረፍት ቀናቸውን «በቤት» እንዲያሳልፉ ጥሪ አደረገ። የማን ቤት እንደ ሆነ ግልጽ ነው። ብዙዎች በዚያ ዘመን ያለ ዕረፍት እንደ ሠሩ የሠራተኞቹ ማኅበሮች ተናግረዋል።

ይህ «ቤት» የሚለው ጥያቄ በመጨረሻ በዳኞች ፊት ቀረበ። በሆንግ ኮንግ መሠረታዊ ሕግ አንቀጽ 24 መሠረት፣ ቻይናዊ ያልሆነ ሰው በሕጋዊ መንገድ ገብቶ ሰባት ዓመት በተከታታይ «በመደበኛ ነዋሪነት» ከቈየና ቦታውን ቋሚ መኖሪያው ካደረገ፣ የቋሚ ነዋሪነት መብት ያገኛል። የባንክ ሠራተኛው፣ አስተማሪው፣ ሙዚቀኛው ሁሉ በዚህ ይጠቀማል። የኢሚግሬሽን ሕግ ግን የቤት ሠራተኛ የቈየችበት ዘመን እንደ መደበኛ ነዋሪነት እንዳይቈጠር ይደነግጋል። በ1986 ወደ ሆንግ ኮንግ የገባች አንዲት ፊሊፒናዊት ይህን ድንጋጌ ተከራከረች። በመስከረም 2011 የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ፈረደላት፤ በመጋቢት 2012 ይግባኝ ሰሚው ፍርዱን ሻረው፤ በመጋቢት 25 ቀን 2013 የመጨረሻው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ዳኞች በአንድ ድምፅ ክርክሯን ውድቅ አደረጉት። የፍርዱ ምክንያት ሊጤን የሚገባው ነው። የቤት ሠራተኛ ፈቃድ የምታገኘው ለታወቀ አሠሪ ብቻ ነው፤ በአሠሪው ቤት መኖር ግዴታዋ ነው፤ ውሉ ሲያልቅ ወደ አገሯ መመለስ አለባት፤ ባልና ልጆቿን ማምጣት አትችልም፤ ስለዚህ አኗኗሯ በመደበኛ ነዋሪነት ትርጉም ውስጥ አይገባም፤ ዳኞቹ ያሉት ይህን ነው። እንደ ሕግ አተረጓጐም ጽኑ መሠረት ያለው ሊሆን ይችላል። የሰውን አኗኗር ለሚመረምር ግን አንድ ነገር ጎልቶ ይታያል፤ ቤት እንዳትሠራ የከለከላት ደንብ፣ ቤት አልሠራችም ለመባሏ ማስረጃ ሆኖ ቀረበ። አንዲት ሴት ሃያ ሰባት ዓመት በአንድ ከተማ ተቀምጣ፣ የከተማውን ልጆች አሳድጋ፣ በዚያ ከተማ «አልኖረችም»።

ዳኞቹ ፍርዱን በሰጡ ጊዜ የሚያስችሉበት ሕንጻ ከአደባባዩ ጥቂት ከፍ ብሎ የሚገኝ ነበር። በ2015 ፍርድ ቤቱ ወደ ቀድሞው የጠቅላይ ፍርድ ቤት ሕንጻ ተዛወረ። ይህ ሕንጻ ሴቶቹ በሚሰበሰቡበት በሐውልት አደባባይ ዳር የቆመ ነው፤ በግንባሩ ላይ ዐይኗን የታሰረች፣ ሚዛን የያዘች የፍትሕ ምስል አለች። አደባባዩም ስሙን ያገኘው ቀድሞ ከነበረው የንግሥት ቪክቶሪያ ሐውልት ነው፤ ያ ሐውልት በጃፓኖች ወረራ ጊዜ ተነሥቶ፣ ከጦርነቱ በኋላ ኢንዶኔዥያውያኑ በሚሰበሰቡበት መናፈሻ ተተክሏል፤ በአደባባዩ የቀረው የአንድ ባንክ ሥራ አስኪያጅ ሐውልት ብቻ ነው።

አማዎቹ በማኅበር ይከራዩት የነበረው ክፍል እዚህ ላይ ይታወሳል። ፊሊፒናውያኑም አንዳንዶቹ ገንዘብ አዋጥተው በእሑድ የሚያርፉበት ጠባብ ክፍል ይከራያሉ፤ ነገር ግን በዚያ ማደር ከደንቡ ጋር ስለሚያጋጫቸው የአማዎቹን ያህል ሥር ሊሰድዱበት አልቻሉም። አማዋ በአሠሪዋ ቤት ብታገለግል የምታረጅበት ቦታ በዚያው ከተማ ነበራት። ፊሊፒናዊቱ የምታረጅበት ቤት ካላት በላከችው ገንዘብ በመንደሯ ያሠራችው የብሎኬት ቤት ነው፤ በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ፣ ውሏን በምታድስበት የዕረፍት ጊዜ፣ ለጥቂት ሳምንታት ታየዋለች። ስለዚህ ሦስት ቤት አላት ማለት ይቻላል፤ የምትሠራበት፣ የምትሠራለትና የምትቀመጥበት፤ ከሦስቱ እንደ ባለቤት በየሳምንቱ የምታዝበት የመጨረሻው ብቻ ነው፤ ይህም በወረቀት የተሠራ ነው።

ካርቶኑን የሚያቀርቡት አብዛኛውን ጊዜ አሮጊት ቻይናውያን ናቸው። በሆንግ ኮንግ ጎዳናዎች ከየሱቁ የተጣለ ካርቶን በጋሪ እየሰበሰቡ በክብደት የሚሸጡ፣ ጡረታ የሌላቸው ብዙ ሽማግሎችና አሮጊቶች አሉ። በሰኔ 2017 አንዲት የ75 ዓመት አሮጊት በሴንትራል ለአንዲት ፊሊፒናዊት አንድ ካርቶን በአንድ የሆንግ ኮንግ ዶላር ስትሸጥ የንጽሕና መሥሪያ ቤት ሠራተኞች አገኟትና ያለ ፈቃድ ነግደሻል ብለው ከሰሷት። የከተማው ሕዝብ በጣም ተቈጣ፤ ክሱም ከጥቂት ጊዜ በኋላ ተነሣ።